«ዶክተር፣ ለአንድ ጨዋታ ብቻ መርፌ ይውጉኝ!» ለብሔራዊ ቡድን አንድ እርምጃ ስለቀራቸው ተጫዋቾችና ስለ ጉልበታቸው



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኳስ ነው። «ዶክተር፣ ስለ ደም ግፊት ትጽፋለህ ብለን ስንጠብቅ ወደ ኳስ ገባህ እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ታገሱኝ። ልጁ፣ ወንድሙ ወይም ባሏ ቅዳሜና እሁድ ኳስ የሚጫወት ሁሉ ይህን እስከ መጨረሻው ያንብበው።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ወሎ ሰፈር ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት የ19 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ክሊኒክ መጣ። (ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) እያነከሰ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እኔ ገና «ምን ሆነህ ነው?» ሳልለው እንዲህ አለኝ፦

«ዶክተር፣ መርፌ ብቻ ይውጉኝ። ቅዳሜ ጨዋታ አለኝ። ለአንድ ጨዋታ ብቻ!»

እናቱ ከጎኑ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ። «ዶክተር፣ አሰልጣኙ ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን የሚመርጡ ሰዎች ይመጣሉ ብሎታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም የለው» አሉኝ።

ጉዳቱ ከደረሰ 3 ሳምንት ሆኖታል። በቴስታ ኳስ ሊመታ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ማንም አልነካውም። «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማ፤ አጠገቡ የነበረው ተጫዋችም ሰምቶታል። ቤት ሳይደርስ ጉልበቱ አበጠ። በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ያለ ወጌሻ ጋር ወሰዱት፣ ሦስት ጊዜ ታሸ። እብጠቱ ሲጎድል «ዳንኩ» ብሎ ሜዳ ገባ። ለመዞር ሲሞክር ጉልበቱ ከዳው፣ ወደቀ። እኔ ጋ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በእጄ ስመረምረው የታችኛው አጥንት ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ የሚይዘው ነገር የለም። ኤምአርአይ ሲነሳም የፈራሁት ሆነ፤ ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ ሜኒስከስ የሚባለው የጉልበት ትራስም ተቀዷል።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ውጤቱን ሳየው በችኮላ «እንግዲህ ኳሱን እርሳው» አልኩት። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ወለሉን አየ። እናቱ ናቸው ያለቀሱት። ሲወጡ ገባኝ፤ ያልኩት በሕክምናም ትክክል አልነበረም፣ በሰውነትም ደግ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህም ጭምር ነው።

23 ሰው ብቻ

ብዙዎቻችን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የት እንደነበርን እናስታውሳለን። ዋልያዎቹ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው መጥተው አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፉ፤ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ጎሎች ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገባን። ከተማው እስኪነጋ ሲጨፍር አደረ።

ግን ይህን አስቡት፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው 23 ተጫዋች ብቻ ነው። ስንቱ ልጅ «24ኛው» ነበር? ስንቱ በስም ዝርዝር ማውጫው ሳምንት ታፋውን ያዘው? ስንቱ ከዚያ በፊት በወጣት ቡድን ሳለ ጉልበቱ ተጎድቶ ቀረ? የእነሱን ስም ማንም አይጠራም። ዛሬ አንዳንዱ ሹፌር ነው፣ አንዳንዱ ነጋዴ ነው፣ ካፌ ቁጭ ብሎ ጨዋታ ሲያይ «እኔም እኮ...» ይልና ያቆማል።

ስሙን ከምናውቃቸው መካከል ግን አንድ ሰው ልጥቀስ፤ ገዲዮን ዘላለም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1997 እ.ኤ.አ. በርሊን ተወለደ፣ አሜሪካ አደገ፣ በ2013 አርሴናል ወሰደው። ጥር 2014 ላይ 17 ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት በኤፍኤ ካፕ ኮቨንትሪ ሲቲ ላይ ተቀይሮ ገባ። አርሰን ቬንገር አርሴናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ ለአርሴናል የተጫወተ የመጀመሪያው ልጅ ነበር። ያኔ የአዲስ አበባ የአርሴናል ደጋፊ ምን ያህል እንደተደሰተ አስታውሳለሁ፤ ለማን አገር ይጫወት ይሆን የሚለው ክርክርም በየካፌው ነበር።

በታዳጊነቱ ለጀርመን ተጫወተ። በኋላ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ በ2015 ፊፋ ፈቀደለትና ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን በዓለም ዋንጫ ተሰለፈ። በዚያን ጊዜ ደንብ አገር መቀየር የሚቻለው አንዴ ብቻ ነበር፤ የኢትዮጵያችን በር በዚያው ተዘጋ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አለመፍቀዷም በውጭ ላደጉ ልጆቻችን ሌላ አጥር ነው። አጥሩን አልፈው የመጡም አሉ፤ በአሜሪካ ታዳጊ ቡድኖች የተጫወተው ፉአድ ኢብራሂም በ2013 ከዋልያዎቹ ጋር አፍሪካ ዋንጫ ሄዷል። አባቱ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ ግን ለእናቱ አገር ለቼክ ተሰልፎ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ተጫውቷል።

ገዲዮን በግንቦት 2017 ደቡብ ኮሪያ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ከ20 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ ከኢኳዶር ጋር ነው። በዚያ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ። ኤሲኤል! ገና 20 ዓመቱ ነበር። ከሕክምና በኋላ ወደ ሜዳ ተመልሷል፤ በአሜሪካ ሊግም ተጫውቷል። ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ግን፣ ለጀርመንም ለአሜሪካም ለኢትዮጵያም፣ አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። ምክንያቱ ጉልበቱ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ኳስ ብዙ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያ ዕድሜ ከሜዳ የጠፋ ወር ሁሉ ዋጋ አለው።

የወሎ ሰፈሩ ልጅና የአርሴናሉ ልጅ የተጎዱት አንድ ጅማት ነው። ልዩነቱ ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት የሆነው ነገር ነው። እሱን እንይ።

ኤሲኤል ምንድን ነው?

በጉልበት ውስጥ የጭን አጥንትንና የቅልጥም አጥንትን የሚያስተሳስሩ ጅማቶች አሉ። ከእነሱ መካከል ሁለቱ መሃል ላይ እንደ መስቀል ይተላለፋሉ። የፊተኛው ኤሲኤል ይባላል። ሥራው የታችኛው አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበት ሲዞር እንዳይከዳ መያዝ ነው።

የሚገርመው ነገር፣ አብዛኛው የኤሲኤል ጉዳት የሚደርሰው ሰው ሳይነካን ነው። ሮጦ ድንገት መቆም፣ አቅጣጫ መቀየር፣ ዘሎ በአንድ እግር ማረፍ። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ይዞራል፤ ጅማቱ መሃል ላይ ይበጠሳል። ሴት ተጫዋቾች ላይ ደግሞ አደጋው ቢያንስ በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ «ሉሲ» መሆን የምታልም እህት ያላችሁ ይህን አንብቡላት።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

- በጉዳቱ ቅጽበት «ቋ» የሚል ድምፅ ወይም ስሜት
- በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚመጣ ትልቅ እብጠት (ውስጥ ደም ስለሚፈስ ነው)
- ጨዋታውን መቀጠል አለመቻል
- ከቀናት በኋላ ሲራመዱ ወይም ደረጃ ሲወርዱ ጉልበት «መክዳት»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው አንድ ነገር አለ። ከ2 እና 3 ሳምንት በኋላ እብጠቱ ይጎድላል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። ቀጥ ብሎ መሮጥም ይቻል ይሆናል። ጅማቱ ግን አልተያያዘም። ያለ ጅማት ሜዳ መግባት ሜኒስከሱን ለመቅደድ መሄድ ነው። የኛ ልጅ ሁለተኛውን ጉዳት ያመጣው እንደዚህ ነው።

ኤክስሬይ ተነስታችሁ «አጥንትህ ደህና ነው» ከተባላችሁም አትዘናጉ። ኤክስሬይ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። በእጅ የሚደረግ ምርመራ ብዙ ይናገራል፤ ኤምአርአይ ደግሞ ያረጋግጣል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ምን ይደረግ?

1. ወዲያው ከሜዳ ውጡ። «ትንሽ ልሞክረው» የለም።
2. በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፤ በየ2 እና 3 ሰዓቱ ድገሙት። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም።
3. በላስቲክ ባንዴጅ ለቀቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያውኑ ይፈታ።
4. እግሩን በትራስ ከፍ አድርጉት።
5. በተቻለ ፍጥነት ወደ ሐኪም ሂዱ። ጉልበቱ ከተቆለፈና አልዘረጋ ካለ፣ መርገጥ ካልተቻለ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘ በዚያው ቀን!

በእነዚህ 3 ቀናት አራት ነገር ክልክል ነው፤ ሙቅ ነገር ማድረግ፣ አልኮል መጠጣት፣ መሮጥና መታሸት። አራቱም ደም መፍሰሱንና እብጠቱን ያባብሳሉ።

ስለ ወጌሻ

ይህን ስጽፍ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። እኔም ያደግኩት አያቴ «ወጌሻ ጥሩልኝ» ሲሉ እየሰማሁ ነው። እጃቸው የተባረከ፣ በልምድ የበሰሉ ሰዎች እንዳሉ አልክድም። በክለቦቻችንም «ወጌሻ» የምንለው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ የሠለጠነ ሰው ነው። እኔ የምለው ስለ ሌላው ነው።

የተበጠሰ ጅማት በማሸት አይገጠምም። አዲስ ያበጠ ጉልበት ሲታሽ የበለጠ ይደማል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቀርከሃ ጠፍንጎ ማሰር ነው። ደም ማለፊያ ሲያጣ እግሩ ይሞታል። ጤነኛ እግር ይዘው ወድቀው፣ በጠባብ እስራት ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች ይታያሉ። ተማሪ ሳለሁ አይቻለሁ፤ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከዚያ በኋላ እንመካከራለን።

«መርፌ ብቻ ይውጉኝ»

የማስታገሻ መርፌ ሕመሙን ያጠፋል እንጂ ጅማቱን አይሠራም። ሕመም የሰውነታችን ዘበኛ ነው፤ «ተው፣ እዚህ ጋ ችግር አለ» ይላል። መርፌው ዘበኛውን ያስተኛዋል፣ ሌባው ግን ቤት ውስጥ ነው። አንዳንድ ልጆች ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝተው በየጨዋታው ይወጋሉ፤ ይህ በተደጋጋሚ ሲሆን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ውሃ ጠምቶት በሚጫወት ሰው ላይ ደግሞ የባሰ ነው።

ታዲያ ኳስ አለቀ ማለት ነው?

አይደለም! እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

ኤሲኤል የተበጠሰበት ሰው ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። ቢሮ የሚሠራ፣ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ የሚያደርግ ሰው በጥሩ ፊዚዮቴራፒ ጡንቻውን አጠንክሮ ደህና መኖር ይችላል። መዞርና መዝለል ለሚበዛበት ለኳስ ተጫዋች ግን ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ኦርቶፔዲክ ሐኪሙ ከራሱ ከታማሚው ታፋ ወይም ከጉልበት ፊት ጅማት ወስዶ በተበጠሰው ቦታ ይተካል።

ከቀዶ ሕክምናው እኩል የሚያስፈልገው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። የተተካው ጅማት እስኪጠነክር ወራት ይፈልጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ 9ኛው ወር ድረስ ወደ ሜዳ መመለስን በአንድ ወር ባዘገዩ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 9 ወር ትንሹ ነው። ወሩ ስለሞላ ብቻም አይገባም፤ የተጎዳው እግር ጥንካሬ ከጤነኛው ጋር ሊመጣጠን ይገባል። ይህም ተለክቶ ነው የሚታወቀው።

መከላከል ይቻላል?

አዎ! ፊፋ ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ። 20 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ 8 ደቂቃ ቀለል ያለ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ እንቅስቃሴ፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ። ማሽን አያስፈልገውም፣ ኳስና ሜዳ ካለ ይበቃል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በትክክል የሠሩ ቡድኖች ላይ ጉዳት በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ቪዲዮው በነጻ ይገኛል።

እናንተ ደግሞ ከቢሮ ወጥታችሁ ማታ ሜዳ ተከራይታችሁ የምትጫወቱ የ35 እና የ40 ዓመት ወንድሞቼ፣ ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ኳስ መምታት ይቅር! ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ጡንቻ መጀመሪያ ይሙቅ።

ልብንም አንርሳ

ከጉልበት የከፋ ነገር አለ። ኪንሻሳ የተወለደው ፋብሪስ ሙአምባ ለእንግሊዝ ከ21 ዓመት በታች ቡድን 33 ጊዜ ተሰልፎ ዋናውን ቡድን በር ላይ ቆሞ ነበር። መጋቢት 17 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ቦልተን ከቶተንሃም ሲጫወት ሜዳ ላይ ወደቀ። ልቡ ለ78 ደቂቃ በራሱ አልመታም። ተመልካች ሆኖ የመጣ የልብ ሐኪም ከመቀመጫው ተነስቶ ሜዳ ገባ፤ ደረቱን መጫን ሳያቋርጡ ሆስፒታል አደረሱት። ተረፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ከኳስ ተሰናበተ። ለዋናው ቡድን አልተጫወተም፤ ግን ዛሬ አባት ነው፣ በሕይወት አለ።

እየተጫወተ ሳለ ራሱን የሚስት፣ ደረቱን የሚያመው፣ ልቡ ከመጠን በላይ የሚመታ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ያለ ልጅ ካለ ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ ሳይሠራ ሜዳ አይግባ። «ፀሐይ መቶት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሰው ድንገት ወድቆ የማይሰማና በአግባቡ የማይተነፍስ ከሆነ ደግሞ 907 ወይም 939 ደውሉ፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ መሃል ደረቱን በሁለት እጅ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ውሃ መርጨትና ክብሪት ማሽተት ጊዜ ማባከን ነው።

የማይታየው ጉዳት

በመጨረሻ ስለ ሐዘኑ ላውራ። ለጥቂት የቀረበት ሰው ሐዘን ጨርሶ ካልሞከረው ሰው ይብሳል። ቤተሰብ «ተወው፣ ኳስ እንጀራ አይሆንም» ይላል። ጓደኛ ይቀልድበታል። ልጁ ደግሞ ከሰው ይሸሻል፣ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፤ አንዳንዱ ወደ ጫትና መጠጥ ይሄዳል። ከ2 ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ የሚወደውን ነገር ሁሉ ከጠላ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከወጣው ይህ ቅብጠት አይደለም፤ ሕክምና የሚፈልግ ሕመም ነው። ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ኑ።

ለቤተሰብ የምለው አንድ ነገር ነው፤ «እርሳው» አትበሉት። «ምን ያህል እንደለፋህ አይተናል» በሉት። እኔም የመጀመሪያ ቀን ማለት የነበረብኝ ይህንን ነበር።

በማግስቱ እናቱ ጋ ደወልኩ። «ትናንት የተናገርኩት ስህተት ነው፣ ይቅርታ። ይዘውት ይምጡ» አልኳቸው። ወደ ኦርቶፔዲክ ሐኪም ላክነው፣ ዘመድ ጎረቤት አዋጥቶ ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። የቅዳሜው ጨዋታ አለፈ። መራጮቹ መጡም ቀሩም አላወቅንም፤ እሱም መጠየቅ አልፈለገም።

ባለፈው ሳምንት 4ኛ ወሩን ይዞ መጣ። የታፋውን ዙሪያ በሜትር ለካሁት፤ ከጤነኛው እግር ጋር ሊስተካከል ትንሽ ቀርቶታል። ከፊዚዮቴራፒ በኋላ ማታ ማታ ለሰፈሩ ሕፃናት ማሟሟቂያ ያሠራል አሉ እናቱ። በነገራችሁ ላይ የሚያሠራቸው «11 ፕላስ»ን ነው።

«ዶክተር፣ ስንት ወር ቀረኝ?» አለኝ።

«ቢያንስ አምስት» አልኩት።

«ከዚያስ? እመረጣለሁ?»

ይህን ማንም ሐኪም አያውቅም። «ጉልበትህን እኔ አይልሃለሁ፣ ኳሱን አንተ ታያለህ» አልኩት። ሳቀ። መርፌም አልጠየቀኝም።

ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ ኳስ የሚጫወት ልጅ ካለ ሼር አድርጉለት፤ አሰልጣኝ የምታውቁ ደግሞ በተለይ። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው እንጂ የአካል ምርመራን አይተካም፤ የተጎዳ ሰው ካለ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጤና ይስጥልኝ! ሳምንት በሌላ ርዕስ እንገናኝ።